ነጠላው ወይስ ድርቡ

እናቴ አባቴን ቆርጣ ስታወጣው በዓይኔ በብረቱ አየኋት። ስምንት ዓመት ገና አልሞላኝም፤ ሆኖም ያየሁትን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ከስቱዲዮው ጀርባ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ቬንትሌተሩ አንገቱን እያዞረ ይንጣጣል፤ እሷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ የአባቴን ፊት ትፈልጋለች። ስታገኘው ታቆመዋለች። ከዚያ ማውሱን ጠቅ ታደርጋለች፤ አባቴም የለም። ካሜራ ተሸክሞ በሠርግ አዳራሽ መስታወት ውስጥ ሲያልፍ፣ ጠቅ። «ቀና በይ እህቴ፣ ዛሬ ማን አለብሽ!» እያለ ሙሽራ ሲያሳስቅ ድምፁ ብቻ ሲሰማ፣ ጠቅ። ከሞተ ዓመት ያልሞላውን ሰው በየሠርጉ እየዞረች እንደገና የምትገድለው መሰለኝ።

«አባዬን ለምን ታጠፊዋለሽ?» አልኳት።

«ሥራ ነው።»

«የማን ሥራ?»

«የአጎትሽ። ወንበሩን አትወዝውዢው። ሂጂ የቤት ሥራሽን ጨርሺ።»

ፊቷን እንኳ አላዞረችም። የዚያን ቀን እናቴን ጠላኋት። የልጅ ጥላቻ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ምግቡን ሳህን ላይ ትቶ የሚነሳ፣ ፀጉሩን ሲያበጥሩት አንገቱን የሚያደነድን ጥላቻ ነው።

ዛሬ እኔም በዚያው ሙያ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ፤ ያኔ ያልገባኝ አሁን ይገባኛል። በእኛ ሥራ የሚቆረጥ ነገር አይጣልም። ተቆርጦ ለብቻው ይቀመጣል። እናቴ አባቴን ከየሠርጉ እየለቀመች አንድ ቦታ ታጠራቅመው ነበር። ያኔ ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም፤ ቢነግሩኝም አላምንም ነበር።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ስቱዲዮውን የከፈተው አባቴ ነው። የከፈተውም እኔ በተወለድኩበት ሰሞን ስለነበር ከበሩ በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ያጻፈው የእኔን ስም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ሰሌዳ ነው። አባቴ ይቀርጻል፣ እናቴ ታቀናብራለች፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ደግሞ ገመድ ይጠቀልላል፤ መጠቅለል ሲሰለቸው ሻይ ይጠጣል። አባቴ ታሞ ሲሞት ይሄው ገመድ ጠቅላይ አጎቴ፣ ሐዘንተኛው እንኳ ተሰናብቶ ሳያልቅ፣ የስቱዲዮውን ቁልፎች ሰበሰበ። ስሜን ከበሩ ላይ አውርዶ የራሱን ሰቀለ፤ ከስሙ በፊት «ዳይሬክተር» የምትል ቃልም አከለበት።

እናቴ ለቤተሰቡ ትልልቅ ሰዎች አቤት አለች። የተሰበሰቡት እኛ ሳሎን ነው፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የጫማቸውን ቀለም ሽታ እየሳብኩ አዳምጣለሁ። አጎቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእኔ ተቀጥሮ ነው የሠራው። ለክብሩ ስል ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት» ብሎ ማለ።

«ምስክር አለሽ ወይ?» አሉ ታላቁ ሽማግሌ፣ የአባቴ አጎት፣ ጥርሳቸውን በክብሪት እንጨት እየጎረጎሩ።

«ሰፈሩ ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«ሰፈር አይምልም ልጄ። ሰው ጥሪ።»

የጠራችው ሰው ሁሉ በማግስቱ ራሱን አመመው። አጎቴ ባለስቱዲዮ ሆኗል፤ ባለስቱዲዮን ማን ያስቀይማል? በመጨረሻ ስቱዲዮው የአጎቴ እንዲሆን፣ እናቴም «ሙያ ስላላት» እዚያው ተቀጥራ እንድትሠራ ተወሰነ። ሲወጡ አንዷ አክስቴ በሌላዋ ጆሮ «እሱስ ቢያገባት ይሻል ነበር» ስትላት ሰማሁ። የቀረው ንግግር ሁሉ ከላዬ አልፎ ሄደ፤ ይህቺ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። በእኔ ጭንቅላት ጉዳዩ እዚያው አለቀ። እናቴ አጎቴን ልታገባ ነው።

አጎቴ ያን ቀን ከቤታችን ባዶ እጁን አልወጣም። የዲቪዲ ማጫወቻችንን ከቴሌቪዥኑ ላይ ነቀለና ገመዱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ «ለሥራ ያስፈልገኛል» ብሎ ወሰደው። ማጫወቻው አሮጌና አመለኛ ነበር። ረጅም ፊልም የገባበት እንደሆነ መሃል ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ወይ ወደፊት ወይ ወደኋላ። የምወደው አንድ የካርቱን ፊልም ነበር፤ ጥንቸሏ ከወንዙ ማዶ ተሻግራ አታውቅም። አባቴ ማጫወቻውን በመዳፉ ቸብ ቸብ እያደረገ «ይሄ ነገር ቁርጥ ወንድሜን፤ መሃል ላይ ይደክመዋል» ይላል፤ እናቴም «ኧረ ነውር ነው» እያለች በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ ዳይሬክተሩ «የስቱዲዮዬን አሥረኛ ዓመት በአዳራሽ አከብራለሁ» ብሎ የተነሣው። ስቱዲዮው የእኔ እኩያ ስለሆነ ሒሳቡ ሁለት ዓመት ይተርፋል፤ ግን አሥር ሲሉት ይደምቃል። ሰፈሩ፣ የድሮ ሙሽሮች፣ የቤተሰቡ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ተጠሩ። ከባዶ ተነሥቶ እዚህ እንዴት እንደደረሰ የሚያሳይ ፊልም ይታያል፤ ለየእንግዳውም የፊልሙ ቅጂ ይታደላል። አባቴ የቀረጻቸውን ካሴቶች በሙሉ ካቢኔ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ሲያንሿሿ ይውል የነበረው ሰውዬ ቁልፉን አውጥቶ ለእናቴ ሰጣት።

«ወንድሜ የሚታይበትንም የሚሰማበትንም አውጪው» አላት። «እንግዳ ይደናገራል።»

«እሺ» አለች።

«እሺ» ያለችበት ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ለስላሳ ነበር፤ እኔን ደግሞ ያቃጠለኝ ልስላሴው ነው። ቁልፉን ለማግኘት ወራት ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ስትጠብቅ እንደኖረች ያኔ የት አውቄ።

ዲስክ የሚጽፈው የስቱዲዮው ዕቃ ተቃጥሎ ስለነበር አዲስ ለመግዛት ሦስታችን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድን። ሱቁ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ይሸታል። አንድ ባለ መነጽር ወጣት ሻጭ ሁለት ካርቶን ከመደርደሪያ አውርዶ መስታወቱ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ሲንግል ሌየር ነው፤ ነጠላ» አለ። «ዲስኩ ላይ በአንድ ንጣፍ ብቻ ይጽፋል። ይሄኛው ዱዋል ነው፤ ድርብ። በንጣፍ ላይ ንጣፍ አለው፤ እጥፍ ሊይዝ ምንም አይቀረው።»

«ነጠላው ይበቃናል» አለ አጎቴ ወዲያው። «ምን በወጣኝ በድርብ የምከስረው?»

እናቴ ነጠላውን ካርቶን አነሣች፣ አገላበጠችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ይበቃል» አለች። «ፊትህ ይቆራረጣል እንጂ ይበቃል።»

«ምን ማለት ነው ይቆራረጣል?»

«ፊልሙ ረጅም ነው። ነጠላ ላይ ስናጭቀው ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል። በአዳራሹ ስክሪን ላይ ደግሞ ይብስበታል። አፍንጫህ አንድ ካሬ፣ አገጭህ አንድ ካሬ።»

አጎቴ ሻጩን አየው። ሻጩም «እውነታቸውን ነው ጋሼ፤ መልክ ያበላሻል» አለ። አጎቴ አገጩን ዳበሰ። ከመደርደሪያው ጥግ ለማሳያ የተከፈተች ካሜራ ነበረች፤ ከፊቷ የቆመውን ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ታሳያለች። ሄዶ ፊቷ ተገተረና በግራ ጎኑ፣ በቀኝ ጎኑ ራሱን ይመለከት ጀመር። ከዚያ በኋላ የተባለውን አንድም ቃል አልሰማም።

«ድርቡ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ኋላ አልነገርከኝም እንዳይሉኝ» አላት ሻጩ። «ዲስኩን የሚያነበው ጨረር ከመጀመሪያው ንጣፍ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ፊልሙ ቆም ይላል። ለቅጽበት ነው። አሮጌ ማጫወቻ ከሆነ ግን እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ ማዶ መሻገር አይችልም።»

እናቴ ድርቡን ካርቶን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ቀስ ብላ «የት ላይ እንደሚቆም መምረጥ ይቻላል?» አለችው።

«ይቻላል፤ ሲጻፍ ቦታውን ይሰጡታል።» ሻጩ ሳቀ። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው ሁሉ እንዳይታወቅበት ነው የሚፈልገው።»

«እኔም እንዳይታወቅብኝ ነው» አለች።

ድርቡን ካርቶን እኔ እንድይዝ ሰጠችኝ። እስከ ስቱዲዮው ድረስ እየበሸቅሁ ታቅፌው ሄድኩ። ለአባቴ እንዲህ ተጨንቃ ዕቃ ስትመርጥለት አይቼ አላውቅም። ለዚህ ሰውዬ ግን መልኩ እንዳይቆራረጥ ትጨነቃለች።

ፊልሙ አልቆ የመጀመሪያው ዲስክ ከዕቃው ምላስ ላይ ሲወጣ ለብ ያለ ነበር። አጎቴ ወስዶ ቤቱ አየውና በማግስቱ እየፈነደቀ መጣ። «መጨረሻዋን ወደድኳት!» አለ። «ፊቴ፣ ከሥሩ ‹አመሰግናለሁ›፤ ከዚያ እንደ ፎቶ ቀጥ ብሎ ቆመ! እኔ ራሴ እንባዬ መጣ።»

እናቴ ከኮምፒውተሩ ዞር አለች። «በየትኛው ማጫወቻ ነው ያየኸው?»

«በዚያው በእናንተው ነዋ። ያውም ምን የመሰለ ዕቃ!»

«ደግ» አለች እናቴ፤ ፈገግም አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። በቃ፣ ወዳዋለች ብዬ ከክፍሉ ሮጬ ወጣሁ፤ መፀዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። አሁን ያቺን ፈገግታ ሳስባት ፀጉሬ ይቆማል። ውሻው ሥጋውን ሲጎርስ አይታ የሳቀች ሴት ፈገግታ ነበረች።

የበዓሉ ቀን ከምሳ በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አጎቴ አዲስ ሱፍ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱ የታተመበትን ዲስክ ለየገባው እንግዳ በገዛ እጁ ያድላል። «ቤትዎ ሄደው ከልጆችዎ ጋር ይዩት! ለጎረቤትም ያውሱት!» ይላል። ሽማግሌዎቹ የፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ ታላቁ ሽማግሌ የክብሪት እንጨታቸውን እንደያዙ ነበሩ። እናቴ እኔን ይዛ ከኋላቸው ተቀመጠች። እጄን ላላቅቅ ስታገል ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ።

መብራቱ ጠፋ። በፊልሙ ላይ አጎቴ ካሜራ ያያል፤ አጎቴ ካሜራ ያብሳል፤ አጎቴ እጁን ዘርግቶ የማይታይ ሰው ያዝዛል። አባቴ የቀረጻቸው ሙሽሮች በተርታ ያልፋሉ፤ አንድ የተከፈለው ጎርናና ድምፅ «ከባዶ ተነሥቶ!» ይላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር። መጨረሻው ላይ የአጎቴ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ ፈገግ አለ፤ ከሥሩ «አመሰግናለሁ» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ምስሉም ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። አጎቴ ተነሣና ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጅ ነሣ።

ገና ቀና ሳይል ስክሪኑ ከጀርባው ድቅድቅ ብሎ ጠቆረ። ጭብጨባው ተቋረጠ። ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ኮሽታ፣ ከዚያ የአጎቴ የወጣትነት ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጨለመብኝ!»

ከዚያ ሳቅ። ያንን ሳቅ ከሺህ ሳቅ መሃል እለየዋለሁ።

«ክዳኑን አንሣው እንጂ የኔ ጌታ! የምን ዳይሬክተር ነህ አንተ?»

«አባዬ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ክዳኑ ተነሣ፤ ብርሃን ሆነ። አባቴ መሰላል ላይ ቆሞ፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ስሜ የተጻፈበትን ሰሌዳ ከበሩ በላይ ይሰቅላል። ከመሰላሉ ሥር እናቴ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ምስሉ ይወላገዳል፤ ቀራጩ አጎቴ ነዋ።

«ጋሼ፣ እኔንም ቅጠረኝ እንጂ» ይላል ድምፁ። «ሥራ ፈትቼ ልሞት ነው።»

አባቴ ምስማሩን ከአፉ አወጣ። «ተቀጥረሃል። አለቃህ ግን እኔ አይደለሁም፤ ያቻትልህ» አለና በመዶሻው ወደ ሕፃኗ፣ ወደ እኔ አመለከተ። «እሺ በላት!»

«እሺ እመቤቴ!» አለ አጎቴ።

ስክሪኑ ላይ እንዲህ ሲል፣ በአካሉ ከስክሪኑ ሥር ቆሞ «አጥፋው! አጥፋው እኮ ነው የምልህ!» እያለ ይጮኻል። የአዳራሹን አዲስ ማጫወቻ የያዘው ቴክኒሻን ሠርጉን አባቴ የቀረጸለት ሰው ነበር። ከላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ጨለማ ነው፤ ማጥፊያው አልታየኝም» አለው።

«አቀናብራው ነው!» አለ አጎቴ። «ውሸት ነው፣ እሷ ናት ያቀናበረችው!»

ያኔ ታላቁ ሽማግሌ የክብሪት እንጨታቸውን ጣሉና በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ቁጭ በል!» አሉት። «ሰው ጥሪ ብለናት ነበር፤ ጠርታለች። ምስክሩ ይናገርበት።»

ቁጭ አለ። ሕዝቡም ከየሠርጉ የተቆረጠውን አባቴን ተራ በተራ አየው፤ በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ፣ ሙሽራ ሲያሳስቅ፣ ሳል ሲይዘው ካሜራውን ወደ ጎን ሲያዞር። እናቴ አላለቀሰችም፤ ወደ ስክሪኑም አላየችም። የምታየው የአጎቴን ማጅራት ነበር፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

ኋላ አድጌ «ለምን ለሽማግሌዎቹ ብቻ በጓዳ አላሳየሻቸውም?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «በጓዳ የታየ ነገር በጓዳ ይቀራል» አለችኝ። «ስምሽን ያወረደው በአደባባይ ነው።» በነጋታው ቁልፎቹን ይዘው የመጡት ታላቁ ሽማግሌ ራሳቸው ናቸው። ሰሌዳዬም ቦታው ተመለሰ። አጎቴ ግን ከሰፈሩ እስኪለቅ ድረስ ከቤቱ በወጣ ቁጥር ሕፃናት «ክዳኑን አንሣው!» እያሉ ይከተሉት ነበር። እኔ ከፊት ሆኜ ነበር የምጮኸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ይኸውና ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ቀድመው አስገብተው ወደ ስቱዲዮዬ ገቡ። እስኪያስነጥሱ ድረስ አላወቅኋቸውም፤ ሲያስነጥሱ የአባቴ ቤተሰብ ማስነጠስ ነው። «ሽማግሌ» ያልኩት ሳላውቀው ነው እንጂ ለእሱስ አንቱታዬን አላባክንም። አጎቴ ነበር። ፊቱ የታተመበትን ያንን ዲስክ ከጋዜጣ ውስጥ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ልጄ» አለኝ፣ «ማጫወቻዬ ሞተ። ለልጅ ልጆቼ በስልክ የሚታይ አድርጊልኝ። ወጣትነቴን አላዩትም።» ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ፣ «እስከ መሃሉ ብቻ» አለ።

ከወደ ጥጉ እናቴ ተቀምጣለች፤ እግሯ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ውሎዋ እዚያ ነው። ቀና ብላ አየችው፣ መልሳ መነጽሯን ማበስ ቀጠለች። እኔ ልቤ ይራራ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁት። አልራራም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ቁጭ በል» አልኩት። «ዲስኩ ይሥራ አይሥራ መጀመሪያ እንየው።»

በትልቁ ስክሪን ከፈትኩለት። ጉንጩ ሙሉ፣ ፀጉሩ ጥቁር፣ እጁን ዘርግቶ ሲያዝዝ እያየ እንደ ሕፃን ፈገግ አለ። ስልኩን አውጥቶ ፊቱን ከስክሪኑ ላይ ፎቶ አነሣ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» የሚለው ወጣ፤ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «እዚህ ጋ ቁረጪው። እባክሽ።»

«በዚህ ቤት ነጠላ አንሠራም» አልኩት።

ከወንበሩ ሊነሣ ከዘራውን ፈለገ፤ ከዘራው ተንሸራትቶ ወድቋል። እናቴ አላነሣችለትም፤ እኔም አላነሣሁለትም። ስክሪኑ ጠቆረ። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እሺ፣ ግድ የለም» አለ፣ «ድምፁን ግን ቀንሺልኝ።»

ጨመርኩት።